ከኩፍኝ ክትባት ጋር ሦስት ጥያቄ

ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት አልፎት አፉን ሳይፈታ ሲቀር ቤተሰቡ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ ጠብቁት። አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ፣ ወንድ ልጅ ይቆያል፣ ምላሱ ከብዶት ነው፣ አላህ ባለ ጊዜ ይናገራል፣ እመቤታችን ታውቃለች። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ ልክም ይሆናል፤ በሁለት ዓመታቸው ቃል ካላወጡ ልጆች ብዙዎቹ ቆይተው እኩዮቻቸውን ይደርሱባቸዋል። ነገር ግን ምክሩ የሚታወሰው በተሳካላቸው ልጆች ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ሌላ የአእምሮና የነርቭ እድገት ችግር ያለበት ልጅ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ አእምሮው ቋንቋን ለመቀበል ይበልጥ ክፍት የሆነበት ጊዜ ነው፤ አምስት ስድስት ዓመት ሞልቶት አሁንም ዝም ሲል ደግሞ ያ ምክር የማን እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም። እኔ የምለው የሚከተለው ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ የመጀመሪያው የቋንቋ እርዳታ የበሽታውን ስም፣ አዲስ አበባ ያለን ስፔሻሊስት ወይም ልዩ ማዕከልን መጠበቅ የለበትም። ደሴ አጠገብ ገራዶ ባለ ጤና ኬላ፣ ሕፃኑ ለኩፍኝ ክትባት በመጣበት ቀን፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጥያቄ ሊጀመር ይችላል፤ ይገባዋልም።

ይህን ለማለት የሚያስደፍረው ቋንቋ ከቃል በፊት የሚጀምር መሆኑ ነው። ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ ወራት ቀደም ብሎ የሰው ፊት ያያል፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፣ «ባ ባ ባ» «ማ ማ ማ» እያለ ድምፅ ይደረድራል፣ ሰው ሲመልስለት ተራውን ጠብቆ ይደግማል። ወደ አንድ ዓመቱ ገደማ ጣቱን ቀስሮ ማሳየት ይጀምራል። ይህ ጣት በሕፃን እድገት ጥናት ትልቅ ቦታ አለው። ልጁ ሙዝ ሲፈልግ ብቻ ሳይሆን በሰማይ የምታልፍ ወፍ አይቶ «እይልኝ» ለማለት ጣቱን ሲቀስር፣ አንድን ነገር ከሌላ ሰው ጋር አብሮ ማየት እንደሚቻል ገብቶታል ማለት ነው። ቃላት የሚለጠፉት እዚያ ላይ ነው፤ እናቱ ወዲያ ዞራ «ወፍ!» ስትል ድምፁና የታየው ነገር በልጁ ራስ ውስጥ ይገናኛሉ። ጣቱን የማይቀስር ልጅ ይህን ትምህርት በየቀኑ በብዙ አጋጣሚ ያጣል። ቤተሰቡ ግን የሚጠብቀው ጣቱን ሳይሆን አፉን በመሆኑ የጎደለውን ነገር አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ዘግይቶ ያየዋል።

ችግሮቹ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጅ በአብዛኛው ከምትናገረው የበለጠ ትረዳለች፤ በእጅ ምልክት ለመግባባትም ትፈጥናለች። የሚያስቸግራት ድምፁን አጥርቶ ማውጣትና ቃላትን በሰዋስው ማያያዝ ነው፤ በመሀል ጆሮ በሚጠራቀም ፈሳሽ ሳቢያ የመስማት ችግርም በብዛት ይከተላታል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሐሳቡ ሞልቶ ሳለ የአፉና የምላሱ ጡንቻ አልታዘዝ ሊለው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ልጅ አይገባውም ብሎ አጠገቡ ስለ እሱ ማማት በየቤቱ የሚፈጸም በደል ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ አንዳንዴ ከቴሌቪዥን የሰማውን ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር ይደግማል፣ ውሃ ሲጠማው ግን አንድ ቃል ሳያወጣ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታል። ከሁሉም ይልቅ የተረሳው ምንም የሚታይ ምልክት የሌለው ልጅ ነው፤ ይሰማል፣ ይጫወታል፣ ብልህ ነው፤ ቋንቋው ብቻ አልያዝ ይለዋል። በኮርትኒ ኖርበሪ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ትምህርት ከጀመሩ ሕፃናት መካከል ከ100 ሰባት ከግማሽ ያህሉ ሌላ የታወቀ ሕመም ሳይኖርባቸው የቋንቋ እድገት ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። የእኛ አገር መጠን የዚያ ግማሽ እንኳ ቢሆን በየመማሪያ ክፍሉ አንድ ሁለት ልጅ አለ ማለት ነው፤ ስማቸውም እስካሁን «ሰነፍ» ነው።

እስካሁን በአገራችን ለእነዚህ ልጆች የተሠራው ሥራ በአብዛኛው በወላጆች የተሠራ ነው። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጇ ትምህርት ቤት አጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ የፊደላችንን ድምፃዊ ሥርዓት ተከትላም አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አበጀች። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም እስካለፈችበት ጊዜ ድረስ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ለኢትዮጵያ ሕዝብ በማስተዋወቅ የእሷን ያህል የደከመ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ቀጥሎ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል መጣ፣ ኋላም ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች ዲቦራ ፋውንዴሽን። ሁሉም መነሻቸው አዲስ አበባ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ቤተሰብም ከሚስተናገደው ይበዛል። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት መልክ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ሲሆን ተመራቂዎቹ ለአገር የሚበቁ አይደሉም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ተወርዶ ከሚደረስባት ገራዶ ደግሞ ደሴ ራሷ ለአንዲት አራስ የትራንስፖርት ሒሳቧ የሚያሳስብ ሩቅ ቦታ ናት። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ26ኛው አንቀጹ ይህን ዓይነቱ አገልግሎት በተቻለ መጠን ከልጅነት እንዲጀምርና ገጠርን ጨምሮ ለሰው መኖሪያ በቀረበ ቦታ እንዲገኝ ይላል። ሕጉ ስለ ገራዶ የተጻፈ ያህል ነው፤ አሠራሩ ግን ከአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ብዙ አልራቀም።

ማዕከል ይሠራልን ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን የማዕከል ግንባታን ስንጠብቅ የምናልፈው አንድ ትልቅ ዕድል በእጃችን አለ። የኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑን በ9 ወሩ ለመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በ15 ወሩ ለሁለተኛው ክትባት ወደ ጤና ባለሙያ ያመጣዋል። እነዚህን ሁለት ዕድሜዎች የመረጠው የኩፍኝ ቫይረስ ጠባይ እንጂ የቋንቋ ሊቅ አልነበረም። ቢሆንም ዕድሜዎቹ ከቃል በፊት ያለው ቋንቋ ከሚታይባቸው ጊዜያት ጋር ይገጥማሉ። በ9 ወር መጠየቅ የሚገባው፦ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? ድምፅ እየደረደረ ይጫወታል? ፊትሽን ሸፍነሽ ስትገልጪለት ይስቃል? በ15 ወር፦ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? «ና» ወይም «አምጣ» ተብሎ እጅ ሲዘረጋለት ይገባዋል? አንድ ሁለት ቃል ለማለት ይሞክራል? በዚያ ላይ ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር ትቶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ያወጣቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ለሌላ ቀጠሮ የሚተላለፍ አይደለም። ሦስት ጥያቄ በክትባት ቀን፣ እናቲቱ መርፌው ያስለቀሰውን ልጅ እያባበለች ሳለ የሚጠየቅ ነው። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ መኪና አይፈልግም።

መልሱ «የለም» ሲሆንስ? ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ባለሙያ «መልስ የሌለህን ጥያቄ አትጠይቅ» ይላል። የምትልክበት ቦታ ሳይኖር እናትን ማስደንገጥ ጭካኔ ነው ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ግን ብቸኛው መልስ ሪፈር መጻፍ ነው ብሎ ያስባል። በሕንድ ጎዋና በፓኪስታን ራዋልፒንዲ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራ ኦቲዝም ያለባቸውን 65 ልጆች አካትቶ የግማሽ ያህሉን ወላጆች ስፔሻሊስት ባልሆኑ የአካባቢ ሠራተኞች አሠለጠነ። ወላጆቹ ለልጃቸው ምልክት በጊዜው መመለስን ለመዱ፤ ልጆቹም ራሳቸው ጀምረው ከወላጅ ጋር የሚገናኙበት ጊዜ በረከተ። የዚህ ዘዴ ምንጭ የሆነው የእንግሊዝ ሙከራ 152 ልጆችን ያካተተ ነበር፤ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲያዩዋቸው ወላጆቻቸው የሠለጠኑት ልጆች የኦቲዝም ምልክት ካልሠለጠኑት ቀለል ብሎ ተገኝቷል። እውነቱን ሙሉውን ለመናገር በቋንቋ ፈተና ሲለካ የታየው ልዩነት ትንሽ ነበር። ስለዚህ ይህ ሥልጠና ዝም ያለውን ልጅ ተናጋሪ ያደርጋል ብሎ ለገራዶ እናት መማል አይቻልም። ሊባል የሚችለው ልጁ የሚፈልገውን ለሰው ማሳወቅን፣ ሰውን መፈለግን ይበልጥ ይማራል ነው። ያ ደግሞ ለቋንቋ መሠረት ከመሆኑም በላይ በራሱ የቤት ሰላም ነው፤ ከጩኸትና ራስን ከመምታት በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያልተነገረ ፍላጎት ይገኛልና።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ተነስቶ ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ የሚሆን ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ነው። ሥልጠናው ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ከኑሯችን ጋር ተስማምቶ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ይዘቱን ያነበበ ሰው ከአያቶቻችን ብልሃት ብዙም የራቀ ሆኖ አያገኘውም። ከልጁ ፊት ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፤ እሱ የያዘውን ነገር ያዝ እንጂ ከእጁ ነጥቀህ የአንተን አታምጣለት፤ ቆሎውን ጭብጥ ሙሉ ሳይሆን አንድ አንድ ፍሬ ስጠውና ቆም በል፤ በዓይኑም ሆነ በእጁ ወይም በድምፁ እስኪጠይቅህ ጠብቅ፤ ሲጠይቅህ ወዲያው ስጠውና «ቆሎ» በል። አንድ ቃል የሚያወጣ ልጅ ከሆነ ሁለት ጨምረህ መልስለት። እጅ መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ለቡና ፈንዲሻ ማደል፣ በየቀኑ በአንድ መልክ የሚደጋገም ማንኛውም ነገር የትምህርት ሰዓት ይሆናል፤ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ መሐል ላይ ቆም ሲባል ይጠይቃል። ገራዶ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ሰው ሁልጊዜ እናት አይደለችም። ሕፃኑን ቀን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ወይም አያቱ ልትሆን ትችላለች፤ ኮምቦልቻ ላይ እናቲቱ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ከሆነም ጎረቤት ወይም ሞግዚት ናት። ሥልጠናው «እናቶች ሆይ» ብሎ ከጀመረ የተሳሳተ ሰው እያሠለጠነ ነው፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በእናት ላይ መጫኑ ነው። ልጅ በጀርባ ታዝሎ፣ በብዙ እጅ ማደጉ ቋንቋ አያጠፋም። ኦቲዝምም ሆነ ዳውን ሲንድረም ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሸክም ሌላው ተቃውሞ ነው፤ እኔ ከሁሉም ይበልጥ የምሰጋውም በእሱ ነው። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 ፓኬጅ ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ድርጅት አንድ ቅጽ ይዞላት ይመጣል፤ ደመወዟ ግን በዚያ ልክ ሲያድግ አልታየም። ሦስቱ ጥያቄዎች ሌላ የሪፖርት ዓምድ ሆነው ከወረዱ በሦስተኛው ወር ሁሉም ሕፃን «ዞር ይላል፣ ይስቃል፣ ያሳያል» ተብሎ በአንድ እጅ ጽሕፈት ይሞላል፤ ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ቁጥር አይጠየቅባት፤ ጥያቄዎቹ በክትባት ካርዱ ጀርባ ይታተሙና እናቲቱ ዘንድ ይቀሩ። ባለሙያዋ ለዚህ ሥራ ዝግጁ ናት ወይ ለሚለው ግን ማስረጃ አለን። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ስለ ልጆች የአእምሮ ጤናና እድገት አጭር ሥልጠና የወሰዱ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ካልወሰዱት ይልቅ ኦቲዝም ስላለበት ልጅ ያላቸው የተሳሳተ እምነት ያነሰ፣ ልጁን የመቅረብ ፈቃደኝነታቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ቪዲዮና የኪስ መመሪያ ሲጨመርበት ውጤቱ በአንዳንድ ጎኑ ተሻሽሏል። እነዚህን ባለሙያዎች የሚያሠለጥነው የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢመድብ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናና የሕፃናት ክፍሎች በየጊዜው ጤና ጣቢያ ወርደው አስቸጋሪዎቹን ልጆች ቢያዩ፣ ሥራው አገር አቀፍ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በደሴ ዙሪያ በጥቂት ቀበሌዎች ሊሞከር ይችላል።

ወደ መጀመሪያው ምክር እንመለስና፣ ብዙዎቹ ልጆች ራሳቸው የሚናገሩ ከሆነ ይህ ሁሉ ግርግር ለምን? ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ቃል ባያወጣም የተነገረውን የሚረዳ፣ በጣቱ የሚያሳይ፣ በእጁና በፊቱ የሚያወራ ልጅ ተስፋው ሰፊ ነው፤ ስሙን ሲጠሩት የማይዞር፣ የማያሳይ፣ የማይረዳ ልጅ ግን «ዘግይቶ ተናጋሪ» ከሚባለው ጎራ አይመደብም። ሦስቱ ጥያቄዎች የሚረዱት እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው፤ ፍጹም አይለዩም፣ ግን ከ«ጠብቁት» ይሻላሉ። ሁለተኛው የስህተቱ ዋጋ ነው። በራሱ ይናገር ለነበረ ልጅ ቤተሰቡ አብሮት ይበልጥ ቢጫወትና ቢያወራ የሚደርስበት ጉዳት የለም። እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ቢጠበቅ ግን የሚያጣው ነገር አለ። ሁለት ዓይነት ስህተት ፊት ለፊት ሲቆሙ አንዱ ምንም የማያስከፍል ከሆነ ወደዚያ ማዘንበል የጤናማ ሰው ፍርድ ነው። ወደ ጆሮ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጆሮው እየመገለ ተደጋግሞ የታመመ ወይም ከማጅራት ገትር የዳነ ሕፃን ዝም ሲል በመጀመሪያ የሚመረመረው መስማቱ ነው። መስማት የተሳነውን ልጅ ኦቲዝም አለበት ብሎ፣ ወይም ያለ ምንም ስም፣ እስከ ሰባት ዓመቱ ማቆየት በጥያቄ በሚጀመር የመስማት ምርመራ ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው።

ስም መስጠት ሌላ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ። ቤተሰብ የሚፈራው የምርመራውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤት የሚለውን፣ የታላቅ እህቱን ትዳር፣ የዘር ወሬውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ አዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ጥናት ብዙዎቹ የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን ከመንፈስና ከኃጢአት ጋር አጣምረው እንደ ምክንያት ሲያነሱ አግኝቷል፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ደግሞ ያጣነው ዋና ነገር ለልጃችን ትምህርት ነው ብለዋል። በዚህ ምክንያት በ15 ወር ማንንም ልጅ ኦቲስቲክ ብሎ መጥራት አያስፈልግም፤ እንደዚያ ያለ ድምዳሜ የሚያሰጥ በቂ እውቀት ያለው ሰውም ጤና ኬላው ውስጥ የለም። «ልጅሽ ገና በጣቱ ማሳየት አልጀመረም፤ እስቲ ይህንን እየሠራን ከሦስት ወር በኋላ አብረን እንየው» ማለት ይበቃል። ጸበል የሚወስደውን ወይም ሸኽ ዘንድ የሚያስቀራውን ቤተሰብም መገሰጽ ጥቅም የለውም። ወሎ በሁለቱም በኩል የሚጸልይ አገር ነው፤ ጸሎት ልጁ ሲጠይቅ ቆሎ ከመስጠት አያግድም። ቁም ነገሩ አንደኛው ሌላውን እንዳያስቀር ነው፤ ጸበል ቦታ በር ላይ ታስሮ የሚከርም ልጅ ካለ ያ ሃይማኖት ሳይሆን በደል ነው።

አንዳንድ ምሁራን ደግሞ የእድገት መለኪያዎቹ የውጭ አገር ልጆች መለኪያ ናቸው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ለዚህም ነው ተክሉ ገመቹ አበሳና ባልደረቦቹ ዴንቨር የተባለውን የአሜሪካ መለኪያ በጅማ ልጆች ላይ እንደገና አስተካክለው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት። በተለይ የሰዋስው መለኪያ በቀጥታ ሲገለበጥ ያሳስታል። የእንግሊዝ ልጅ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል እንዲያጋጥም ይጠበቃል፤ የአማርኛ ልጅ «ስጪኝ» ሲል ግን ሰጪዋን፣ ተቀባዩንና ድርጊቱን በአንድ ቃል አስሮ ጨርሷል። ይህን ልጅ «አንድ ቃል ብቻ» ብሎ መመዝገብ ቋንቋውን አለማወቅ ነው፤ በተቃራኒው ሁለት ስሞችን አጋጥሞ ግሥ የማይረባለት የሦስት ዓመት ልጅ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የአማርኛ ተመራማሪዎች ከሕክምናው ሰዎች ጋር የሚሠሩት ብዙ አለ። ነገር ግን ስም ሲጠራ መዞር፣ ጣት መቀሰር፣ ፊት አይቶ መሳቅ የሰዋስው ልዩነት ብዙ አይነካቸውም። ለ9ና ለ15 ወር የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ከዚህ ጎራ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም።

ከቤተሰብ ጋር ሥራው ሲጀመር ሦስት የተሳሳቱ ምክሮች መንገድ ላይ ይቆማሉ። የመጀመሪያው «በምልክት ካስለመድከው መናገሩን ይተዋል» የሚለው ነው። በእጅ ምልክት፣ በሥዕል ወይም በመሣሪያ ስለ መግባባት የተደረጉ ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ2006 የመረመሩ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው 27 ሰዎች መካከል አንድም ንግግሩ የቀነሰ አላገኙም፤ ከ100 89ኙ ንግግራቸው ጨምሯል። ውሃ፣ ዳቦና ሽንት ቤት በደብተር ወረቀት ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ወጪው የአንድ እስክሪብቶ ነው። ሁለተኛው «ሁለት ቋንቋ አምታቶታል» ነው። ደሴና ኮምቦልቻ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አፋርኛና አርጎብኛ የሚገናኙበት አገር ነው፤ ዳውን ሲንድረምና ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ተጨማሪ መዘግየት እንደሚያመጣ አላሳዩም። አያቱን ከልጅ ልጇ ጋር በኦሮምኛ እንዳታወራ መከልከል ለልጁ የሚያወራውን አንድ ሰው መቀነስ ነው። ሦስተኛው «ቴሌቪዥኑ ነው ኦቲዝም ያመጣበት» የሚለው ነው። ቴሌቪዥን ኦቲዝም አያመጣም፤ ጉዳቱ ልጁ ከሰው ጋር የሚመላለስበትን ሰዓት መውሰዱ ነው፤ ማስታወቂያ ተራ ጠብቆ አይመልስማ።

የክትባት መንገድም ሁሉን አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ጨርሰው የወሰዱት ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የደቡብ ወሎ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ በዚያ ወቅት የተወለዱ ልጆች አሁን የትምህርት ቤት በር ላይ ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛ በር ያስፈልጋል፤ እሱም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል ነው። እዚህ ላይ «አምስት ዓመት ካለፈው አልቋል» የሚለው ሌላኛው ጽንፍ ይመጣል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአራት ዓመታቸው ንግግራቸው እጅግ የዘገየ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን 535 ልጆች መዝገብ አይተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 70 በመቶዎቹ ኋላ ላይ ቃላት አጋጥመው መናገር፣ 47 በመቶዎቹም አቀላጥፈው መናገር እንደቻሉ ጽፈዋል። እነዚያ ልጆች ብዙ አገልግሎት ያገኙ ናቸውና ቁጥሩን ለገራዶ እንዳለ ማምጣት አይቻልም፤ በሩ በአምስት ዓመት እንደማይዘጋ ግን ያሳያል። ምዝገባ ላይ «ሲናገር አምጪው» ተብላ የምትመለስ እናት ልጇን የምትመልሰው ቋንቋ ሊማርበት ከሚችልበት፣ እኩዮቹ ተራ እየጠበቁ ከሚጫወቱበት ቦታ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይህን መልስ በደብዳቤ ሊከለክል ይችላል። የኦ ክፍል መምህራንን የሚያወጣው የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም የማይናገር ልጅ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴትስ እንደሚጠበቅ በልምምድ ጊዜ ሊያሳያቸው ይችላል። የሚቀረው አስቸጋሪ ነገር የመስማት ምርመራ ነው፤ መሣሪያውና ባለሙያው ያለው ከተማ ነውና፣ ከገራዶና ከሩቅ ቀበሌዎች የሚመጡ ልጆችን የትራንስፖርት ወጪ ማን ይሸፍን የሚለውን የዞኑ ጤና መምሪያ ከማዕከል ግንባታ ዕቅዱ በፊት ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይገባል።